መቶ አርባ ሦስት የት ገባ?

እኚህን ሴትዮ በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን መቀመጥ ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ያም ሆኖ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም፤ ሻያቸውን ያለ ስኳር እንደሚጠጡ እንኳ ያወቅኩት በቅርቡ ነው፣ ያውም የእኔን በስህተት አንስተው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አይቼ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ጀርባቸው ነው ብባል አልቀየምም። የተሳሳትኩት ነገር ካለ አንባቢ ይታገሰኝ። እሳቸው እንደማይታገሱኝ ግን ከአሁኑ አውቃለሁ፤ እሳቸው የሚይዙብኝ የተሳሳትኩትን ሳይሆን ያስቀረሁትን ነው።

ሰው ሁሉ በሁለት ይከፈላል። አብዛኞቻችን ያለውን እናያለን። ጥቂቶች ደግሞ የሌለውን ያያሉ። እነዚህ ጥቂቶች በየመሥሪያ ቤቱ አንድ፣ በየሰፈሩ አንድ፣ በየቤተ ዘመዱ አንድ ይደርሱናል፤ ከዚያ በላይ ቢሆኑ ኖሮ ኑሮ አይቻልም ነበር። ሠርግ ቤት ገብተው ሙሽራዋን ሳያዩ “የሙሽራው አጎት ቀሩ እንዴ?” የሚሉት እነሱ ናቸው። ስንት ዓመት የለፋህበትን ቤት ብታስጎበኛቸው፣ ሳሎኑን አልፈው፣ መኝታ ቤቱን አልፈው፣ መጋረጃው ጋ ይቆሙና “ከዚህ አንዷ ቀለበት የለችም” ይሉሃል። ክፋት አይደለም። ጥርሱን የተነቀለ ሰው ምላሱ ሁልጊዜ ክፍቱ ቦታ ላይ ሄዶ እንደሚያርፈው፣ የእነሱም ዓይን እንደዚያ ነው የተሠራው።

ለእኛ ክፍል የደረሱን ክብርት እሜቴ የት ገባ ናቸው። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን “ይሄኛው የት ገባ?” ሳይሉ የዋሉበት ቀን ስለሌለ ስሙ ራሱ መጥቶ ተለጠፈባቸው። ፊት ለፊታቸው “እሜቴ” ብቻ እንላቸዋለን፤ ቀሪውን ከበሩ ወዲያ እንጨርሰዋለን።

መሥሪያ ቤታችን የውሃ ቢሮ ነው፣ ክፍላችን የመረጃ ክፍል። መዝጋቢዎች በየሰፈሩ እየዞሩ የሞሉትን ፎርም ሁለት ልጃገረዶች ኮምፒውተር ላይ ያስገባሉ። እኔ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። እሜቴ ደግሞ የገባው ሁሉ ቁጥሩን ጠብቆ መግባቱን ያያሉ። ኮምፒውተሩን አያምኑትም፤ ዝርዝሩን በወረቀት ያስወጡና ማስመሪያ ከላይ ያሳርፉበታል፣ ከዚያ አንድ መስመር፣ አንድ መስመር እያሉ ቁልቁል ይወርዳሉ። ቁጥር ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ከንፈራቸው ሲቆም ግን ክፍሉ በሙሉ ይቆማል። ጀርባዬን ሰጥቻቸው እንኳ የቆመበትን ሰዓት አውቃለሁ። አንገቴን ይበርደኛል።

አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ተሰልፎ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሁላችንም ራሳችንን ፈለግን፤ ሰው ነንና። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። እሜቴ ፎቶውን ራቅ አድርገው ያዙትና “ዘበኛው የት ገባ?” አሉ።

“ያነሣን እሱ ነው” አልናቸው።

“ያነሣ ሰው አልነበረም ማለት ነው?”

አለቃችን ነገር የማይወዱ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ለነገሩ እልባት ልስጠው ብለው በሌላ ቀን ሁላችንንም እንደገና አሰለፉን። ዘበኛውን መሀል አቆሙና ካሜራውን ራሳቸው ያዙ። ፎቶው መጣ። እሜቴ አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ በጣም በትሕትና “አሁን ደግሞ እርስዎ የሉም” አሏቸው። ሁለቱም ፎቶዎች ዛሬ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በሁለቱም ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ እሱን ማንም አላነሣብኝም።

ሁልጊዜ ልክ ናቸው ማለቴ አይደለም። አንድ ሰሞን ከማተሚያ ቤት የመጣ የፎርም ጥራዝ መሀሉ ላይ አንድ ቁጥር ጎደለው። እሜቴ “የት ገባ?” አሉ፤ እኛም ጠረጴዛ አንሥተን፣ መሳቢያ ገልብጠን፣ አለቃችን ሳይቀሩ ተንበርክከው ከመደርደሪያው ሥር በመጥረጊያ እንጨት ጎርጉረው ፈለግን። የተገኘው አንድ የብዕር ክዳንና ያለፈው ዓመት አቧራ ነው። እሜቴ ጃንጥላቸውን ያዙና ማተሚያ ቤቱ ድረስ ሄዱ። አታሚው “እትዬ፣ ማሽኑ አንዳንዴ ቁጥር ይዘላል፣ እንደ ማስነጠስ ይቁጠሩት” ብሎ መለሳቸው። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ በሰላም ተመልሰው ተቀመጡ። በኋላ ጥራዙን ሳየው በባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ “አስነጠሰ” ብለው ጽፈዋል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሜቴ የጎደለው ካልተገኘ የሚሉ ሰው አይደሉም። የጎደለበትን ምክንያት የሚናገር አንድ ሰው ከተገኘ ይበቃቸዋል።

አንድ ሌላም አለች፤ ስለ ራሴ መናገር ስለማልወድ ባልፋት ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ባስቀራት ማን እንደሚይዝብኝ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ እጽፋለሁ። ለማንም አላሳይም። አንድ ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከቤቷ ወጥታ ስለሄደች ልጅ የጻፍኩትን ታሪክ ለእሜቴ ሰጠኋቸው። ሰነበቱ። እኔ ጀርባቸውን በጀርባዬ እያዳመጥኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና “ገጽ ስድስት የት ገባ?” አሉኝ።

አየሁት። ከአምስት ወደ ሰባት ሄጃለሁ። “የጎደለ ነገር የለም እሜቴ፣ ቁጥሩን ስጽፍ ተሳስቼ ነው” አልኳቸው፤ ፊቴ ፍም መስሏል።

“እንዲያ ነው? እኔ እኮ ልጅቷ ለምን እንደሄደች እዚያ ገጽ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር” አሉና ወደ ማስመሪያቸው ተመለሱ።

ቤቴ ገብቼ ገጽ ስድስትን ጻፍኩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከከተማው ዳር ላለ አንድ ሰፈር ውሃ ሊገባለት ሆነ። መንገዱ ተቆፍሮ ቧንቧ ይቀበራል፣ ከዚያም አስፋልት ይለብሳል። አስፋልት ከለበሰ በኋላ ማንም፣ በምንም ምክንያት፣ መቆፈር አይችልም፤ ትእዛዙ የወጣበትን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቃሉን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ቤት ግቢው ድረስ ውሃ ይገባለታል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቤት ጀሪካኑን ተሸክሞ ይቀጥላል። ሥራው የተጀመረው አንድ ቀቢ በየበሩ ቁጥር በመቀባት ነው። ቆይቶ መዝጋቢዎች ቁጥሩን እየተከተሉ ፎርም ሞሉ፣ ፎርሙም ወደ እኛ መጣ። ዝርዝሩ ለቧንቧ ሠራተኞቹ የሚላከው ዓርብ በአሥር ሰዓት ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንገቴን በረደኝ።

“ሰባት ቁጥር የት ገባ?” አሉ እሜቴ።

ከልጆቹ አንዷ ፎርሞቹን አገላበጠች፤ የለም። ማስመሪያው ወረደ። አሥራ ሰባትም የለም። ሃያ ሰባትም። ሰባዎቹ ጋ ሲደርሱማ ማስመሪያው አንድ ረድፍ ቤት በሙሉ ባዶ ሆኖ አገኘው። አለቃችን ወንበር ስበው ተቀመጡና ክኒናቸውን ከኪሳቸው አወጡ። “ሰፈሩ ተበልቶብኛል” አሉ በቀስታ። “ምን ብዬ ነው የምልከው?”

እሜቴ ማስመሪያውን አስቀመጡ። “እስካሁን የጎደሉት ሁሉ ሰባት አለባቸው” አሉ። “ቀቢውን ጥሩልኝ።”

ቀቢው ዓርብ ጠዋት መጣ፤ ጥፍሩ ውስጥ ቀለም ያለበት፣ እጁን የት እንደሚያኖረው የቸገረው ሰው ነው። ቁጥሩን የሚቀባው በእጁ አይደለም። የእያንዳንዱ ቁጥር ቅርጽ የተቆረጠባቸው ትንንሽ ቆርቆሮዎች አሉት፤ ቆርቆሮውን በሩ ላይ አስጠግቶ በላዩ ይቀባል።

“የሰባቷ ቆርቆሮ ጠፋችብኝ” አለ። “ከመኪና ላይ ሳትወድቅ አልቀረችም።”

“ታዲያ ሰባትን ምን አደረግኸው?” አሉ አለቃችን።

“ተውኩት።”

“እንዴት አባቱ ነው ሰባትን የምትተወው?”

“ምን ላድርግ ጌታው? ሌላው ሁሉ እንደ መጽሐፍ ተጽፎ አንዷን በእጄ ብሞነጫጭራት ሥራዬን ታበላሽብኛለች። ስድስት ካለው በር ቀጥሎ ስምንት አልኩ። ሰባት የሚገባበትን ሁሉ እንዲሁ አለፍኩ።” ቀና አለ። “ግን በሥርዓት ነው ያለፍኩት። አንድም ጋ አላምታታሁም።”

አለቃችን ጭንቅላታቸውን ያዙ። እሜቴ ግን ቀቢውን በፍቅር ነው ያዩት። “እውነቱን ነው” አሉ። “አንድም ጋ አላምታታም።” እርሳሳቸውን አንሥተው በእያንዳንዱ ባዶ ቦታ “ቆርቆሮ” ብለው መጻፍ ጀመሩ። አለቃችን ተነፈሱ። ልጆቹ ተሳሳቁ። እኔም ብዕሬን አነሣሁ። ያኔ እንደገና በረደኝ።

“መቶ አርባ ሦስት ሰባት የለበትም” አሉ እሜቴ።

ልጅቷ ፎርሞቹን አገላበጠች፤ የመቶ አርባ ሦስትም የለም።

“እሱንማ ቀብቼዋለሁ” አለ ቀቢው። “ሰማያዊ በር ነው። አንዲት ሴትዮ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ ቀለሙ እንዳይፈናጠቅብኝ ብላ ተቆጥታኛለች።”

አለቃችን ለመዝጋቢዎቹ ስልክ ደወሉ። ከመቶ አርባ ሁለት ቀጥሎ ግድግዳ ነው፣ ከግድግዳው ቀጥሎ መቶ አርባ አራት ነው፣ በመሀል ቤት የለም አሏቸው። አለቃችን ስልኩን አኖሩና እጃቸውን ዘረጉ። “ይኸው፣ የለም።”

“አላገኘነውም ነው ያሉት።”

“እሜቴ፣ ምን ልዩነት አለው?”

እሜቴ እርሳሳቸውን አኖሩ። አለቃችን ይህን እንደ እሺታ ቆጠሩትና ወደ ልጆቹ ዞሩ። “ኮምፒውተሩ ከአንድ ጀምሮ አዲስ ቁጥር ይስጣቸው። የውሃ ቆጣሪው ሲገባ ያው አዲስ ቁጥር ያገኛሉ። ሰባት የለ፣ ቆርቆሮ የለ፣ እንደ ክር ይሆንልናል።”

ልጅቷ አንድ ቁልፍ ተጫነች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሲያዩት ያምር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ታች አንድ ቀዳዳ የለውም። እሜቴ ተነሥተው መጡና በልጅቷ ትከሻ ላይ ጎንበስ አሉ።

“አሁን መቶ አርባ ሦስት አለ?”

“አለ እሜቴ። ይኸው።”

“ማነው?”

ልጅቷ ስክሪኑን አየች። “ያው... ራቅ ብሎ ያለ ሌላ ሰው ነው።”

“ሴትዮዋስ የት ገባች?”

“በዚህኛውማ የጎደለ ሰው የለም።”

“እሱ ነው የሚያስፈራኝ” አሉ እሜቴ። “ባዶ ቦታዋ ቢታይ ነገ አንድ ሰው ይፈልጋታል። ይሄ ግን መጉደሏንም ነው የሚያጠፋት።” ወደ አለቃችን ዞሩ። “የበሮቹን ቁጥር ይመልሱልኝ፤ የቆርቆሮዎቹን ‘ቆርቆሮ’ ብለው ይዝጓቸው። ይቺን ግን አይንኩብኝ።”

አለቃችን ሰዓታቸውን አዩ። “እሜቴ፣ አሥር ሰዓት ላይ ካልላክሁ እኔ ነኝ የምጠየቀው። እስከዚያ የተሞላ ፎርም ካመጡልኝ ትገባለች። ካላመጡልኝ እዘጋዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎ?”

እሜቴ ባዶ ፎርም አወጡ፤ ጃንጥላቸውን አነሡ። “ጸሐፊው፣ ተነሥ።”

“እኔ?”

“የእኔ ጽሑፍ አይነበብም።”

የምሳ ሰዓቴ ነበር፣ ሳህኔም ተከፍቷል። ግን እኔ እንቢ ከማለቴ በፊት ሰው ሁሉ በሩ ጋ ደርሶ ይጠብቀኛል።

ሰፈሩ አቧራ በአቧራ ነበር። መንገዱ መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ አፈሩ በአንድ በኩል ተከምሯል፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሰው ሁሉ አፉን በነጠላው፣ በኮቱ፣ በእጁ ይሸፍናል። እሜቴ ጃንጥላቸውን ለፀሐይ ሳይሆን ለአቧራ ወደ ጎን ይዘው በየበሩ እያነበቡ ሄዱ። መቶ አርባ አንድ። መቶ አርባ ሁለት። ከዚያ ግድግዳ። ከዚያ መቶ አርባ አራት። ቀቢው ሥራውን ያውቃል፣ እውነትም እንደ መጽሐፍ ነው የተጻፈው።

“እንግዲህ መዝጋቢዎቹ ልክ ናቸው” አልኩ። ሆዴ ነው ያናገረኝ።

እሜቴ ግድግዳው ፊት ቆሙ። ሰው እንግዳ በር ላይ እንደሚቆመው ነው የቆሙት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ይሄ ከነዚያ ጋር አልተወለደም” አሉ። እውነትም ግራና ቀኙ በዝናብ ጠቁሯል፤ መሀሉ ግን ገና ሲሚንቶው አመድ አመድ ይላል፣ ስፋቱም የአንድ በር ስፋት ነው።

ከመቶ አርባ አራት አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። “ማንን ነው የምትፈልጉት?”

“እዚህ የነበረችዋን” አሉ እሜቴ።

“አጣቢዋን? አለችላችሁ። ፊቷን አዙራ ነው። በዚያ ዞራችሁ ግቡ።”

ዞርን። ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም። ጫፉ ላይ ከቆርቆሮ የተሠራ አዲስ በር ተከፍቶ ነበር። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ነጭ አንሶላ ተሰጥቶበታል፤ ጎንበስ እያልን በመሀሉ ገባን። አንዲት ሴት ብሎኬት ላይ በተጋደመ ሰፊ ሳንቃ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ ትተኩሳለች። አንዲት ትንሽ ልጅ የተተኮሰውን ታጥፋለች። ከውስጥ የአሮጊት ሳል ይሰማል።

እሜቴ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ “የእኔ እህት፣ በርሽ የት ገባ?” አሏት።

ሴትዮዋ ግራ ገባትና የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጠችው። ሳንቃው ሰማያዊ ነው። መቶ አርባ ሦስት የሚለው እዚያው ነበረ፤ አራቷ ላይ ካውያው ትንሽ አቃጥሏታል።

“አቧራው ነው ያስዘጋኝ” አለች። “ቁፋሮው ከተጀመረ ወዲህ መኪና ባለፈ ቁጥር ያጠብኩት ተመልሶ ይቆሽሻል። አንሶላውን የማጥብለት የሆቴል ሰውዬ አንድ ቀን እጄ ላይ ጣለብኝ። እንጀራዬ ሊዘጋ ነው ብዬ በሩን አስደፈንኩ። ሳንቃውን ደግሞ ምን ላድርገው፣ እንደምታዩት ነው።”

“መዝጋቢዎቹ ሲመጡስ አልሰማሽም?” አልኳት።

“ሰምቻለሁ እንጂ። ቀሚሴን ቀይሬ እዚህ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከግድግዳው ወዲያ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ሲሳሳቁ ሁሉ። ይዞራሉ ብዬ... ሳይዞሩ ሄዱ።”

“ለምን አልተጣራሽም?”

“የመንግሥት ሰው በግድግዳ ላይ ይጠራል እንዴ?” አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። እኔም ብሆን አልጠራም ነበር።

ዝርዝሩ ዛሬ እንደሚዘጋ ነገርኳት። ካውያው ላይ ያለው እጇ ቆመ፤ ከዚያ የሰው አንሶላ እንዳይቃጠል አንሥታ ወደ ጎን አኖረችው። “ዛሬ?” አለች።

“ዛሬ። አሥር ሰዓት።”

“እናቴ መሸከም ካቆመች ሰንብታለች። አሁን እኔና ትልቋ ልጄ ነን የምንቀዳው። ጠዋት ወረፋው ስለሚረዝም ከትምህርቷ በየቀኑ ነው የምታረፍደው። ቧንቧው ሲገባ በጊዜ ትሄጃለሽ እያልኩ ነበር የማጽናናት።”

ፎርሙን የሞላሁት እዚያው በሩ ላይ ነው። ብርድ ልብሱን ገፋ አድርገን፣ እሷ እየመለሰች፣ እኔ በቁም ጽሑፍ እየጻፍኩ። የቤተሰብ ብዛት የሚለው ጋ ስደርስ “አራት” አለች። “እናቴን ቁጠራት፤ አልጋ ላይ ናት እንጂ አለች።”

እሜቴ የቤቱን ደፍ አዩ። ጫማዎቹን ነው። “የሦስት ሰው ጫማ ነው ያለው” አሉ። “አራተኛዋ የት ገባች?”

“ትምህርት ቤት ናታ። ጫማዋን አድርጋ ነው የምትሄደው፣ እትዬ።”

ትንሿ ልጅ አፏን በአንሶላ ይዛ ሳቀች። እሜቴም ሳቁ። ከዚያ በፊት ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሳቃቸው እንደ ልጅ ነው፣ ድንገት ይመጣና ድንገት ያልቃል።

ስንመለስ መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው። የጭነት መኪና ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አዘንብሎ ሚኒባሶቹ ሁሉ ተኮልኩለዋል። ከተሳፈርንበት ወረድንና በእግራችን ሄድን። እሜቴ አይሮጡም፤ ግን ማስመሪያቸው ወረቀት ላይ እንደሚሄደው፣ ሳያቋርጡ፣ ሳያዘገሙ ይሄዳሉ። እኔ ከኋላ እያለከለክሁ ፎርሙን ደረቴ ላይ ይዤ ተከተልኳቸው። ገበያው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰዓት ጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው አይተውታል፤ እርምጃቸውን ግን አልቀየሩም።

ክፍሉ ስንገባ አለቃችን በልጅቷ ወንበር ተቀምጠዋል። አንዷ ልጅ መስኮት ጋ፣ ሌላዋ በር ጋ ቆመዋል። አለቃችን ቀና ብለው አላዩንም።

“ኮምፒውተሩ ቆሞብኝ ነው” አሉ። “አልላክ አለኝ።”

በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁ። ምንም አልቆመም። ዝርዝሩ ተከፍቷል፣ መቶ አርባ ሦስት ቦታዋ ባዶ ናት፣ ባዶዋ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጆቹን አየኋቸው፤ አንዷ ወለሉን አየች፣ ሌላዋ ጣሪያውን።

“አንዳንዴ ያስነጥሳል” አልኩ። ሰው ፊት ቀልድ ሲሳካልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅቷ ፎርሙን ተቀብላ አስገባች። እሜቴ ግን እንዲላክ አልፈቀዱም፤ ዝርዝሩን በወረቀት አስወጡና ማስመሪያቸውን አሳረፉበት። አለቃችን ሰዓታቸውን እያዩ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ ጠበቁ። የእሜቴ ከንፈር ሄደ፣ ሄደ። ቆርቆሮዎቹን አለፈ። መቶ አርባ ሁለትን አለፈ፣ መቶ አርባ ሦስትን አለፈ፣ እስከ ታች ወረደ።

“ይሂድ” አሉ።

አለቃችን ቁልፉን ተጫኑት።

እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ እሳቸው የማውቀው የለኝም። ብዙ ጊዜ አማርሬያቸዋለሁ። ወንበሬን ወደ ሌላ ክፍል ለማዘዋወር ማመልከቻ ጽፌ አውቃለሁ፤ ጽሑፉ አምሮ ነበር፣ አላስገባሁትም። አሁን ግን አንዳንድ ጠዋት አርፍጄ ስገባ ከበሩ ሳልደርስ እሳቸው ለልጆቹ “ጸሐፊው የት ገባ?” ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ለመናገር፣ ሳስበው፣ በሕይወቴ ይህን ጥያቄ ስለ እኔ የሚጠይቅ ሌላ ሰው የለም። አንዳንዴ ለመስማት ብዬ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ እቆማለሁ።

ያን ዓርብ ከሥራ ስንወጣ አብረን ወረድን። ሁለታችንም ጫማችን በአቧራ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በፊት አብረን ወጥተን አናውቅም፤ መቆሚያው ጋ ጎን ለጎን ቆምን፣ ጀርባቸውን ለለመደ ሰው ይሄም ራሱ ያሳፍራል። ቀኑን ሙሉ ፎርሙን ይዤ ስለዋልኩ ሳይሆን አይቀርም፣ ከአፌ የወጣው የፎርሙ ጥያቄ ነው።

“እሜቴ” አልኳቸው፣ “እርስዎስ ቤት ስንት ናችሁ?”

እሜቴ መልስ ሊሰጡ ከንፈራቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ እንደ ሥራቸው። ከዚያ ቆመ።

ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩና መንገዱን አሻግረው ተመለከቱ።

“ታክሲው መጣ” አሉ።

መንገዱን አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር።

“አዎ፣ መጣ” አልኳቸው።